አራቱ ጎማ መቼ ይሥራ?



ክረምት ገብቶ የገጠሩ መንገድ ጭቃ በኾነ ጊዜ፥ ለሥራ ከከተማ የሚወጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ «የእኛ መኪና በአራት ጎማው ስለሚሄድ መንገዱ አያሳስበንም» ሲሉ ይሰማሉ። ከዚህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አያሌ ንብረት ያጠፋ፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ያስከፈለ ስሕተት ነው። በራዲዮ አሰምተነው ዛሬ በዚህ ዓምድ ለንባብ የምናቀርበውን ይህን ንግግር ያዘጋጀነው፥ እውነተኛው ከስሕተቱ ተለይቶ እንዲታወቅ በማሰብ ነው።

አስቀድሞ ስለ የትኛው መኪና እንደምንናገር መወሰን ይገባል፤ በአራት ጎማ የሚሄዱ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉምና። አንዳንዶቹ ዘወትር በአራቱም ጎማ እንዲሄዱ ኾነው የተሠሩ ናቸው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨርና በ1977 የወጣው የሩሲያው ላዳ ኒቫ ከእነዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በፊተኛውና በኋለኛው ዘንግ መካከል የአካሄድን ልዩነት የሚያቻችል መሣሪያ ስላላቸው፥ ነጂው በየመንገዱ እየመረጠ እንዲያስገባና እንዲያወጣ አይገደድም። ሌሎቹ ግን በዘወትር ጊዜ በኋላ ጎማቸው ብቻ የሚሄዱና፥ ነጂው ሲፈልግ ብቻ የፊተኛውን ጎማ ወደ ሥራ የሚያስገባባቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሙ የታወቀው ጂፕ፥ ሩሲያ ሠራሹ ዋዝ፥ ከቶዮታ ዓይነቶችም 70 የሚባለው የላንድክሩዘር ተራና አብዛኛው ሃይሉክስ ከዚህ ወገን ናቸው። በአገራችን ገጠር ክትባት የሚያደርሱትና ሕሙማን የሚያመላልሱት አያሌ መኪናዎች የሚገኙት በዚህ በሁለተኛው ወገን ስለ ኾነ ንግግራችን በእነርሱ ላይ ብቻ ይኾናል።

እርስዎ የሚነዱት መኪና ከየትኛው ወገን እንደ ኾነ ለማወቅ፥ ከትልቁ የማርሽ ዘንግ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዘንግ፥ ወይም በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ በእርሷ ፈንታ የተተካውን በጣት የሚዞር ማዞሪያ ይመልከቱ። በላዩ «ኤች 2»፥ «ኤች 4»፥ «ኤል 4» የሚሉ ምልክቶች ቢያገኙ መኪናዎ በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው። ቍጥሩ የሚጎትቱት ጎማዎች ስንት እንደ ኾኑ ያመለክታል። «ኤች» ፈጣኑን፥ «ኤል» ደግሞ ዝግተኛውንና ኃይለኛውን ክፍል ያሳያል። ያም ኾኖ ከመኪናው ጋር የተሰጠውን መጽሐፍ መመልከት ከሁሉ ይበልጣል። በሰንዱቅ ውስጥ ሳይገለጥ የሚያረጀው ይህ መጽሐፍ ስንቱን የጋራዥ ወጪ ባዳነ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ገበሬ ሲያርስ ከእርሻው ዳር በደረሰ ጊዜ በሬዎቹን እንዴት እንደሚያዞር ያላየ የለም። በውስጥ በኩል ያለው በሬ በቆመበት ሊዞር ጥቂት ይቀረዋል፤ በውጭ በኩል ያለው ግን ሰፊ ዙሪያ ይሄዳል። ሁለቱም እኩል ይራመዱ ቢባል ጥማዱ ሊዞር አይችልም። የመኪናም ጎማዎች እንዲሁ ናቸው። መኪና በታጠፈ ቍጥር የውጩ ጎማ ከውስጡ ይበልጥ ይሄዳል፤ ይህንንም ልዩነት በኋለኛዎቹ ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ዲፈረንሻል ያቻችለዋል። በፊተኛዎቹ መካከልም እንዲሁ ሌላ ዲፈረንሻል አለ። ነገር ግን በፊተኛው ጥንድና በኋለኛው ጥንድ መካከል ምንም አቻቻይ የለም። አራቱን ጎማ በሚያስገቡበት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፉት ሁለት ዘንጎች፥ ሾፌሮች «ትራንስፈር» በሚሉት ሣጥን ውስጥ እርስ በርሳቸው ይቆለፋሉ። ከዚያ ወዲያ አንደኛው አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም በትክክል አንድ ዙር መዞር ግዴታው ነው።

የሚያስከትለውን ነገር በቍጥር እንየው። ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው 2 ሜትር ከ70 ሳንቲም የኾነ መኪና፥ የኋለኛው ዘንግ መካከሉ 6 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ እየሄደ ወደ ቀኝ ይታጠፋል እንበል። የፊተኛው ዘንግ መካከል የሚሄድበት ክብ ራዲየሱ 6 ሜትር ከ58 ሳንቲም ይኾናል። መኪናው አንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ የኋለኛው 9 ሜትር ከ42 ሳንቲም ሲሄድ፥ የፊተኛው 10 ሜትር ከ33 ሳንቲም ይሄዳል። በአንድ ማዕዘን ብቻ የ91 ሳንቲም ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። መሬቱ ጭቃ ወይም የላላ ጠጠር ቢኾን ጎማዎቹ ይህን ዕዳ ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተቱ ይከፍሉታል፤ ነጂውም ሳያውቀው ያልፋል። አስፋልት ግን ጎማን አጥብቆ ስለሚይዝ አያንሸራትትም። ስለዚህ ዕዳው ወደ ብረቱ ይሄዳል። ዘንጎቹ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራሉ፥ መሪው ይከብዳል፥ መኪናው ፍሬን እንደ ተያዘበት ኾኖ ይሰማል፥ ጎማዎቹም በየመታጠፊያው ይንጫጫሉ። ይህ ሁሉ እየተሰማው የሚነዳ ሰው የጎማውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ውሎ አድሮም የትራንስፈሩን ጥርስ፥ ወይም የዘንጉን መገጣጠሚያ ይሰብራል። ከዚህም የከፋው፥ ለመታጠፍ እምቢ የሚል መኪና በአደገኛ ጠመዝማዛ ላይ ነጂውን ከመንገድ ሊያወጣው መቻሉ ነው።

ቀጥ ብሎ ለሚሄድስ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። አራቱም ጎማዎች በእውነት እኩል ቢኾኑ ጉዳቱ ጥቂት በኾነ ነበር። ዳሩ ግን ስንቱ መኪና ነው ከፊት አዲስ፥ ከኋላ ያረጀ ጎማ አጥልቆ የሚሄደው! አንዱ ጎማ 75 ሳንቲም፥ ሌላው 74 ሳንቲም ቁመት ቢኖራቸው፥ ዘንጎቹ በተቈለፉ ጊዜ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የ13 ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ በገጠር የሚሠራ መኪና አራቱም ጎማዎቹ አንድ ዓይነት፥ አንድ ልክና በእርጅናቸውም የተቀራረቡ ሊኾኑ ይገባል። ስኮርታው ጭምር።

ዝናብ የመታው አስፋልትስ? ብዙ ነጂዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። እርጥብ አስፋልት ለፍሬን አደገኛ ቢኾንም፥ ዘንጎቹን ለመወጠር የሚበቃ አያያዝ ግን አሁንም አለው። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚበጀው በኋላ ጎማ ብቻ፥ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። አስፋልቱ በጭቃ የተለበጠ እንደ ኾነ፥ ወይም በደጋው አገር እንደሚያጋጥመው በረዶ ወርዶ መንገዱን ነጭ አድርጎት እንደ ኾነ አራቱን ጎማ ማስገባት ተገቢ ነው፤ መንገዱ በጠራ ጊዜ ግን ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርነው አራቱን ጎማ ሳያስፈልግ ስለሚያስገባው ሰው ነው። ሲያስፈልግ የሚዘገየው ግን ከእርሱ ይበዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፥ ለራዲዮ ድምፅ ለመቅረጽ ከአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ጋር ወደ በቾ ሜዳ ሄጄ ነበር። የበቾ አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፥ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥና እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ጥቁር አፈር ነው። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ለስላሳ ስለሚያደርገው፥ በጣም ጥሩው ጎማ እንኳ በጥቂት እርምጃ ውስጥ የሳሙና ቍራጭ ይመስላል። ከጠጠሩ መንገድ ወጥተን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን፥ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ሰዎች አገኘን። ሾፌራችን ቅን ሰው ነበርና ወዲያው መኪናውን አዙሮ ሴቲቱን ከእናቷ ጋር አሳፈረ። ነገር ግን በመካከሉ የወረደው ዝናብ የመጣንበትን መንገድ ለውጦት ስለ ነበር፥ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሳንሄድ የኋላ ጎማዎቹ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ። ሾፌሩ ይህን ጊዜ ትንሿን ዘንግ ሳበ፤ ነዳጅም ሰጠ። መኪናው ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ወረደ። ደግሞ ሰጠ፤ ደግሞ ወረደ።

ከተሸካሚዎቹ ጋር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎን ኾነው ሲመለከቱ ቆይተው፥ «ልጄ፥ የፊተኛው እግሩ እኮ ተኝቷል፤ የሚደክመው የኋለኛው ብቻ ነው» አሉት። እውነትም የፊት ጎማዎቹ ፈጽሞ አይዞሩም ነበር። በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ የሚገኘውና ሾፌሮች «ሃብ» የሚሉት መቆለፊያ፥ በእጅ ዞሮ «ሎክ» በሚለው ምልክት ላይ መዋል ሲገባው፥ ከበጋ ጀምሮ «ፍሪ» በሚለው ላይ እንደ ቀረ ነበር። ዘንጉ በውስጥ ይዞራል፤ ጎማው ግን ከዘንጉ ጋር አልተያያዘም። እምብርቱም በዚያን ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር፥ በእጃችን ዝቀን እስክንደርስበት፥ ከዚያም ድንጋይና ጭድ ከጎማው ሥር አንጥፈን መኪናው እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። የዚያን የአንድ ሰዓት ተኩል ድምፅ መቅረጫዬ አልያዘውም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ሾፌሩ ሁለት ነገሮችን አጓድሎ ነበር። አንደኛው የእምብርቱ መቆለፊያ ነው። በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያለው መኪና ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም ተቆልፈው እንዲቆዩ ማድረግ ይቻላል። ትንሿ ዘንግ በ«ኤች 2» ላይ እስካለች ድረስ በአስፋልትም ላይ ጉዳት የለውም፤ ትርፍ የሚዞሩት ብረቶች ጥቂት ነዳጅ ይበላሉ እንጂ። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው፥ አራቱ ጎማ መግባት የሚገባው ጭቃው ከመያዙ በፊት መኾኑ ነው። የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ በባዶ ከተሽከረከረ የቆመበትን መሬት ፈልፍሎ ለራሱ ጕድጓድ ይቆፍራል፤ በኋላ የሚገባው የፊት ጎማ መኪናውን መጎተት ብቻ ሳይኾን ከጕድጓድ ማውጣትም ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዋልካው ከሚጀምርበት ዳር ላይ፥ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ ያቁሙ፤ እምብርቶቹን ይመልከቱ፤ «ኤች 4» ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሳይቸኩሉና ሳያቋርጡ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይለፉ።

እዚህ ላይ «አራት ጎማ» የሚለው ስም ራሱ ጥቂት እንደሚያታልል መግለጽ ይገባል። ዲፈረንሻል ለመታጠፍ የሚረዳውን ያህል በጭቃ ላይ ጠላት ይኾናል፤ ባህርዩ ኃይሉን ቀላል ወደ ኾነለት ጎማ መልቀቅ ነውና። ከፊት አንዱ ጎማ፥ ከኋላም አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠሉ ወይም ቅባት በመሰለ ጭቃ ላይ ቢያርፉ፥ አራት ጎማ አለኝ የሚለው መኪና ሁለቱን በከንቱ እያሽከረከረ በቆመበት ይቀራል። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ የኋለኛውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ልዩ ማብሪያ የተሠራው ስለዚህ ነው። እርሱም መኪናው በተያዘበት ስፍራ ለጥቂት ሜትር ብቻ ቀጥ ብሎ ለመውጣት እንጂ ለመንገድ ጉዞ የሚያገለግል አይደለም።

«ኤል 4» የሚባለው ዝግተኛው ክፍል ሥራው ከጭቃ ይልቅ ከዳገት፥ ከቍልቍለትና ከድንጋይ ጋር ነው። በሃይሉክስ ላይ ጎማው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል እንዲዘገይ፥ ጉልበቱም በዚያው ልክ እንዲጨምር ያደርጋል። በቀጭን የገጠር መንገድ ላይ ጠጠር የሞላበት ብርቱ ቍልቍለት ሲያጋጥም «ኤል 4» ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፥ እግርን ከፍሪሲዮን ላይ አንሥቶ መውረድ እጅግ ይረዳል፤ ሞተሩ በአራቱም ጎማ መኪናውን ወደ ኋላ ስለሚይዘው ፍሬኑ አይግልም። ነገር ግን እንደ አባይ በረሓ ያለው፥ ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ የሚወርደው ጠመዝማዛ አስፋልት ሌላ ነገር ነው። በእንዲህ ያለው አስፋልት ላይ ቍልቍለቱ ቢያስፈራም ዘንጎቹን መቆለፍ አይገባም። በ«ኤች 2» ላይ ኾኖ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስቀድሞ አስገብቶ መውረድ ይበቃል።

በአሸዋ ላይ፥ በአፋር ቆላም ኾነ በደቡብ ኦሞ በደረቀ ወንዝ ውስጥ፥ «ኤች 4» ከዳር ገብቶ ፍጥነትን ሳያቋርጡ መሄድ ነው። የጎማውን አየር ከወትሮው አንድ ሦስተኛ ያህል መቀነስ ጎማውን ስለሚያሰፋው ከመስጠም ያድናል። ወደ ጠንካራ መንገድ በተመለሱ ጊዜ ግን አየሩን ሳይሞሉ መንዳት ጎማውን ያግለዋል፤ ያፈነዳዋልም። መንፊያ ያልያዘ ሰው አየሩን ባይነካው ይሻለዋል።

ወንዝን በሚመለከት አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ወራጅ ውሃ ጎማን የሚረታው በጭቃው አይደለም፤ መኪናውን በማንሳፈፍ ነው። 30 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ብዙ ትንንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲም የኾነው ደግሞ ትላልቆቹን ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል። መሬት ያልነካ ጎማ አራትም ኾነ ሁለት አንድ ነው። ውሃው ጸጥ ያለ እንደ ኾነ በእግር ገብቶ ጥልቀቱንና የመሬቱን ጥንካሬ መርምሮ፥ «ኤል 4» አስገብቶ በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ መሻገር ይቻላል። ደፍርሶና ግንድ ይዞ የሚወርድ ውሃ ካዩ ግን በዳሩ ተቀምጦ መጠበቅ ነው።

የላላ ጠጠር ያለበት መንገድ ለአራቱ ጎማ መልካም ስፍራ ነው፤ መኪናው ይረጋል፤ በዳገት ላይ የኋላው ጎማ ጠጠሩን አይበትንም። ነገር ግን ብዙ የመገልበጥ አደጋ የሚደርሰው ይህ መረጋጋት በሚያሳድረው እምነት ነው። መኪናው ስላልተንሸራተተ ነጂው መሬቱ የሚይዝ ይመስለውና 80 እና 90 ይነዳል። አራቱ ጎማ ለመነሣትና ለመሄድ ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ ሁሉም መኪና፥ ባለ ሁለት ጎማውም ኾነ ባለ አራቱ፥ ፍሬን ሲያዝ የሚቆመው በአራቱም ጎማው ነውና። በጠመዝማዛም ላይ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲከዳ የኋላና የፊት ዘንግ መቆለፍ መኪናውን ወደ መንገዱ አይመልሰውም። አንድ ነገር ማወቅ የሚፈልግ ነጂ፥ በባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄደ ፍሬኑን በቀስታ ቢሞክረው፥ መሬቱ እውነተኛ አያያዙን ይነግረዋል።

ስለ ማስገባትና ማውጣት ጥቂት ነገር ይቀረናል። ከ«ኤች 2» ወደ «ኤች 4» መለወጥ በብዙ መኪና ላይ ቀጥ ብለው እየሄዱ ሊደረግ ይችላል፤ የሚፈቀደው ፍጥነት በመጽሐፉ ተጽፏል። ጎማዎቹ በመሽከርከር ላይ ሳሉ ወይም መሪው ታጥፎ ሳለ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። ወደ «ኤል 4» ለመግባት መኪናውን ማቆምና ፍሪሲዮኑን መርገጥ ያስፈልጋል። ከጭቃ ወጥተው ዘንጓን ሲመልሱ እምቢ ብትልዎት፥ ወይም የዳሽቦርዱ መብራት ቢዘገይ፥ መኪናው ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ፥ በጕልበትም አይታገሏት። ዘንጎቹ በውስጥ ተወጥረው ነው። መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ውጥረቱ ይፈታና ትወጣለች።

በበጋም ቢኾን ቶዮታ በመኪናዎቹ መጽሐፍ እንደሚያዘው፥ በወር አንድ ጊዜ ለ16 ኪሎ ሜትር ያህል በአራቱ ጎማ መሄድ ያስፈልጋል። ይህም ዘይቱ ለብዙ ጊዜ ሥራ ፈትተው ለቆዩት የፊተኛ ክፍሎች እንዲዳረስ ነው። ይህን ሙከራ ግን ከከተማ ወጥተው በጠጠር ወይም በአፈር መንገድ ላይ ያድርጉት፤ ከመነሣትዎም በፊት ወርደው ሁለቱን እምብርት፥ የቀኙንም የግራውንም፥ በእጅዎ ነክተው ይመልከቱ።